ሳሎኑ አምሯል፣ ጓዳውስ?

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ በሶሲዮሎጂ (የማኅበረሰብ ጥናት) ዲፓርትመንቱ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ፒዛ በየካርቶኑ ተደርድሯል። ከሌላ ከተማ የመጣ እንግዳ ጥናቱን ያቀርባል። መምህሩም ተማሪውም እየበላ ያዳምጣል፣ ከዚያ ጥያቄ ይጠይቃል። በየሳምንቱ እንዲህ ነው። ሰዎቹ «ማኅበረሰባችን» ሲሉ መጀመሪያ የሚታያቸው ይህ ጠረጴዛ ነው።

ጓደኛዬ ያኔ የፒኤችዲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። ዓርብን ትጾማለች። ፒዛው ደግሞ አንዱም ሳይቀር አይብ አለበት። ስለዚህ ውኃዋን ይዛ ጥግ ትይዛለች። «ዲየት ጀመርሽ እንዴ?» ይላታል አንዱ። ፈገግ ብላ ታልፈዋለች።

የፒዛው ነገር ቀላል ነው። ዋናው ከሴሚናሩ በኋላ ያለው ነው። ሰዉ ተያይዞ ማዶ ካለው ቢራ ቤት ይገባል። እሷ ልጇን ከዴይኬር ለማውጣት ትሮጣለች፤ ካረፈደች ቅጣት አለው። ቢራ ቤት ውስጥ ታዲያ ብዙ ነገር ይወራል። የትኛው ፕሮፌሰር አዲስ የምርምር ገንዘብ እንዳገኘ፣ ማን ረዳት እንደሚፈልግ፣ ማን ጥሩ አማካሪ እንደሆነ፣ ከማን መራቅ እንደሚሻል። የሰመር ድጎማ ማመልከቻ በየካቲት እንደሚዘጋም እዚያው ነው የተወራው። እሷ የሰማችው በሚያዝያ ነው። ያን ሰመር ሞግዚት ሆና የሰው ልጅ ስትጠብቅ አሳለፈችው።

ማንም አልደበቃትም። የነገራትም የለም።

ይኸው ዲፓርትመንት ግን ለዘር ፍትሕ ስላለው ቁርጠኝነት በሚገባ የተጻፈ መግለጫ ነበረው። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ የተገደለው በግንቦት 2020 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በዚያ ሰመር በመላ አሜሪካ የሶሲዮሎጂ ዲፓርትመንቶች ተመሳሳይ መግለጫ አወጡ። ኮሚቴ ተቋቋመ። የንባብ ዝርዝር ይከለሳል ተባለ። አንዳንዱ ከልቡ ነበር፣ አንዳንዱ ለይስሙላ። ከውጭ ሆኖ መለየት ከባድ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል።

እኛ እንግዳ የምንቀበለው ሳሎን ነው። ሶፋው ይለበሳል፣ ቄጠማው ይጎዘጎዛል። ጓዳ ግን እንግዳ አይገባም። ስለ ዲፓርትመንቶች የዘር ፍትሕ ሲወራ እኔን የሚገርመኝ ክርክሩ ሁሉ ስለ ሳሎኑ መሆኑ ነው። መግለጫው ይኑር አይኑር፣ የብዝኃነት ቢሮው ይከፈት ይዘጋ። ጓዳውን የሚያይ ጥቂት ነው። የተማሪ ዕጣ የሚወሰነው ግን እዚያ ነው።

ከዚያ በፊት ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ «ዘር» ስንል ልባችን ቶሎ ወደ ብሔር ይሄዳል። «ዘር ቆጠራ» የምንለውም እሱን ነው። አሜሪካ ውስጥ «ሬስ» ሌላ ነገር ነው። በባርነት ዘመን የተበጀ፣ በሕግ የጸና፣ በቆዳ ቀለም የሚነበብ ሣጥን ነው። ከጎንደር የመጣ ልጅ፣ ከሌጎስ የመጣ ልጅ፣ ቅድመ አያቱ ሚሲሲፒ ውስጥ በባርነት ጥጥ የለቀመ ልጅ፣ ሦስቱም ፎርም ላይ የሚሞሉት አንዱን ሣጥን ነው። እኩልነትና ፍትሐዊነትም ይለያያሉ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ፎርም መስጠት እኩልነት ነው። ፎርሙ መቼ እንደሚዘጋ ሁሉም እንዲያውቅ ማድረግ ፍትሐዊነት ነው።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የሚገባው በዩኒቨርሲቲው የቅበላ ቢሮ በኩል ነው። ፒኤችዲ ላይ ግን መራጩ ዲፓርትመንቱ ራሱ ነው። አራት አምስት ፕሮፌሰሮች ኮሚቴ ሆነው ማመልከቻ ያነባሉ። ምን ያነባሉ? የድጋፍ ደብዳቤ። ደብዳቤው ደግሞ ማን ጻፈው የሚለው ነገር አለ። ስሙን የሚያውቁት ሰው ከጻፈው ማመልከቻው ይከብዳል። ታዋቂ ፕሮፌሰር የሚያስተምረው የት ነው? ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ። እዚያ የሚማረውስ? በአብዛኛው ቤተሰቡ ያለው ልጅ። እዚህ ሰንሰለት ውስጥ አንድም ክፉ ሰው የለም። ውጤቱ ግን በየዓመቱ ያው ነው። ከ2020 ወዲህ ብዙ ዲፓርትመንቶች ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና አስቀርተዋል። ጥሩ ነው። ግን ፈተናው ሲቀር የደብዳቤው ክብደት ደግሞ ይጨምራል። ይህን ሳያስቡ ፈተናውን ያነሱ ዲፓርትመንቶች አንዱን በር ከፍተው ሌላውን አጥብበዋል ባይ ነኝ።

ተማሪው ከገባ በኋላ ያለው የባሰ ነው፤ ያልተጻፈ ሕግ ይበዛል። ረቂቅህን ለማን ታሳያለህ? ፕሮፌሰሩ «ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ሲልህ ቀጥል ማለቱ ነው ወይስ ተወው? ኢሜይል ሳይመልስልህ ሁለት ሳምንት ቢቆይ ታስታውሰዋለህ ወይስ ትጠብቃለህ? አባቱ ፕሮፌሰር የሆነ ልጅ ይህን እራት ላይ ሲሰማ አድጓል። የእኛ ሰው ይባስ ብሎ «ታላቅ አይነዘነዝም» ተብሎ ነው ያደገው። ጓደኛዬ አማካሪዋን ላለማስቸገር ብላ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ዝም አለች። አማካሪዋ ደግሞ ፍላጎት የላትም ብሎ ገመተ። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው።

በሌላ በኩል መምህሮቹ አሉ። አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ሃያ አምስት መምህራን ይኖራሉ እንበል፤ ጥቁሮቹ አንድ ወይ ሁለት ናቸው። ኮሚቴ በተቋቋመ ቁጥር «ስብጥር» ስለሚያስፈልግ ጥቁሯ መምህርት ትጠራለች። ከዲፓርትመንቱም ከሌላ ዲፓርትመንትም የከፋው ጥቁር ተማሪ ሁሉ የሚያንኳኳው የእሷን ቢሮ ነው። አማዶ ፓዲያ የተባለ የስታንፎርድ ምሁር ይህን በ1994 «የባህል ግብር» ብሎ ሰይሞታል። ግብሩ የሚከፈለው በሰዓት ነው። ቋሚ ቅጥር፣ ቴንዩር የሚሉት፣ የሚወሰነው ግን ባሳተምሽው ጽሑፍ ነው። ኮሚቴ ላይ ያጠፋሽውን ሰዓት የሚቆጥርልሽ የለም። እንግዲህ አስቡት። መግለጫው የሚያመሰግነው ሥራ፣ ማኅደሯ ሲገመገም ዜሮ ይያዝላታል።

የንባብ ዝርዝሩ ነገር ረዘም ያለ ታሪክ አለው። በሶሲዮሎጂ የመጀመሪያው ዓመት የቲዎሪ ኮርስ ለረጅም ጊዜ ማርክስ፣ ዌበር፣ ዱርካይም ነበር። ሦስቱም አውሮፓውያን ወንዶች። ይህ ዝርዝር ከሰማይ አልወረደም። ማን እንደተተወ ለማየት ወደ ፊላደልፊያ መመለስ ይበቃል።

ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱቦይስ በ1895 ከሃርቫርድ ፒኤችዲ ሲያገኝ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። በርሊንም ተምሯል። በ1896 የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የከተማዋን ጥቁሮች እንዲያጠና ቀጠረው። የማዕረግ ስሙ «የሶሲዮሎጂ ረዳት» የሚል ነበር። ቢሮ አልተሰጠውም። ክፍል ገብቶ እንዲያስተምር አልተደረገም። ስሙ ከዩኒቨርሲቲው ካታሎግ ሳይቀር እንደወጣ በኋላ ራሱ ጽፏል። ከባለቤቱ ጋር ሰባተኛ ቀበሌ በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር፣ ከአንድ ምግብ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተከራዩ። ከዚያ ሰውዬው ቤት ለቤት ማንኳኳት ጀመረ። ጥያቄ አዘጋጅቶ፣ ኮት ለብሶ፣ ባርኔጣ አድርጎ በየደረጃው ይወጣል። ማን ከማን ጋር ይኖራል፣ ኪራዩ ስንት ነው፣ ሥራህ ምንድን ነው፣ የት ተከለከልክ። ሺዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ መረጃ ሰበሰበ። በ1899 የታተመው ጥናቱ የሰፈሩን ድህነት ከሰዎቹ ተፈጥሮ አላገናኘውም። ከሥራ መከልከላቸው፣ የኪራዩ መወደድና ከባርነት የቀረው ጣጣ ላይ ጣቱን ቀሰረ።

ከ1897 እስከ 1910 ደግሞ አትላንታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ድሃ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ። እዚያ በትንሽ ገንዘብ በየዓመቱ ጥናትና ጉባኤ ያካሂድ ነበር። የሶሲዮሎጂ ዲፓርትመንት ታሪክ ሲነገር ግን ዘውዱ የሚደፋው በ1892 ለተመሠረተው ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ዲፓርትመንት ነው። የኖርዝዌስተርኑ አልደን ሞሪስ በ2015 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ተቃውሞ ተከራክሯል፤ በአሜሪካ ሳይንሳዊ ሶሲዮሎጂን ቀድሞ የገነባው የዱቦይስ የአትላንታ ቡድን ነው ይላል። ሁሉም አልተስማማም። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ዲፓርትመንቶች ዱቦይስን የመጀመሪያው ዓመት ንባብ ውስጥ አስገብተዋል። ፔንስልቬኒያም በ2012 የክብር ፕሮፌሰር አድርጎታል። ዱቦይስ አክራ ላይ ከሞተ 49 ዓመት ግድም ሆኖት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። አትላንታ እያለ፣ በ1899፣ ሳም ሆዝ የሚባል ጥቁር የእርሻ ሠራተኛ በደቦ ፍርድ ተገደለ። ዱቦይስ በነገሩ ላይ የጻፈውን ይዞ ወደ ጋዜጣ አዘጋጁ በእግሩ ይሄዳል። መንገድ ላይ የሟቹ የጣት አንጓዎች አንድ ሱቅ ውስጥ ለዕይታ መቀመጣቸውን ሰማ። ተመልሶ ቤቱ ገባ። ሰው እየተገደለ ረጋ ብሎ ሳይንስ ብቻ መሥራት አይቻልም ብሎ ያሰበው ያኔ እንደነበር ጽፏል። ይህን የማነሳው «ሶሲዮሎጂ ሳይንስ ነው ወይስ አክቲቪዝም?» የሚለው የዛሬ ጭቅጭቅ ትናንት እንዳልተጀመረ ለማሳየት ነው።

ሌላው ጥቁር ሶሲዮሎጂስት ፍራንክሊን ፍሬዘር ነው። ከቺካጎ በ1931 ፒኤችዲውን ያዘ። ከ1934 ጀምሮ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሶሲዮሎጂ ዲፓርትመንቱን መራ። ዲሲ የምትኖሩ ቦታውን ታውቁታላችሁ፤ ዩ ስትሪትና ዘጠነኛው መንገድ ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር የሚደረስ ነው። በ1948 የአሜሪካ ሶሲዮሎጂስቶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥቁር ነበር። ሁለተኛው መቼ መጣ? በ1990፣ ዊሊያም ጁሊየስ ዊልሰን። 42 ዓመት ማለት ነው። ስለ እኩልነት የሚያስተምር ሙያ ነው እንግዲህ። በመሃል ጥቁር ሶሲዮሎጂስቶች በ1970 የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል፤ ትልቁ ማኅበር ደግሞ በ1974 ለጥቁሮችና ለሌሎች አናሳዎች የፒኤችዲ ድጎማ ጀምሯል። ይህ ድጎማ ከሁሉም መግለጫ በላይ ሰው አፍርቷል ብል የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ገንዘብ ነዋ።

አሁን ያለው ሁኔታ ምንድን ነው? ነፋሱ ዞሯል።

ሰኔ 29 ቀን 2023 (በእነሱ ጁን ማለቴ ነው) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዩኒቨርሲቲዎች በቅበላ ላይ ዘርን ከግምት ማስገባታቸውን ሕገወጥ አለ። በ2024 መኸር በገቡት ተማሪዎች መካከል የጥቁሮች ድርሻ ኤምአይቲ ውስጥ ከ13 በመቶ ግድም ወደ 5 ወረደ። አምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3። ዬል ግን 14 ላይ ቆየ። ስለዚህ «ሁሉም ቦታ ገደል ገባ» የሚለውም፣ «ምንም አልተለወጠም» የሚለውም ልክ አይደለም። ቴክሳስ በሕግ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቿን የብዝኃነት ቢሮዎች ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ዘጋች፤ በኦስቲኑ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ 60 ያህል ሠራተኞች ከሥራ ወጡ። በ2025 ትራምፕ ሲመለሱ ጉዳዩ የፌዴራል ሆነ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ፣ በዚህ ሥራ ሞዴል ይባል የነበረው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ቢሮውን ዘጋ።

ለሶሲዮሎጂ ግን ክፉው ዱላ የመጣው ከፍሎሪዳ ነው። የ12 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የበላይ ቦርድ በጃንዋሪ 2024 የሶሲዮሎጂ መግቢያ ኮርስን ከዋና የጋራ ኮርሶች ዝርዝር አወጣው። ቦታውን የአሜሪካ ታሪክ ኮርስ ያዘ። የግዛቱ የትምህርት ኮሚሽነር ትምህርቱ በግራ ዘመም አክቲቪስቶች ተጠልፏል ብለው ነበር።

ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ኮርሱ አልተከለከለም፣ የፈለገ ይወስደዋል። ግን ዲፓርትመንት እንዴት እንደሚተዳደር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የዲፓርትመንት እንጀራ የመግቢያ ኮርሱ ነው። አዳራሽ ሙሉ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይመዘገባል። ያን ሁሉ ፈተና የሚያርሙት፣ ትንንሽ ክፍሎቹን የሚያስተምሩት የፒኤችዲ ተማሪዎች ናቸው። ደመወዛቸውም የትምህርት ክፍያቸውም የሚሸፈነው በዚህ ነው። የጋራ ኮርስ መሆኑ ሲቀር ተመዝጋቢ ይቀንሳል። ተመዝጋቢ ሲቀንስ ረዳት አያስፈልግም። ረዳት ካላስፈለገ በሚቀጥለው ዓመት የሚገባው የፒኤችዲ ተማሪ ያንሳል። ቀድሞ የሚወድቀው ደግሞ ቤተሰብ የማይደጉመው ነው። ስለ ዘር አንድ ቃል ሳይነሳ ዘር ያለበት ውጤት የሚመጣው እንዲህ ነው።

የተቃዋሚዎቹን ወገን ግን በደፈናው ማጣጣል አልፈልግም። መግለጫዎቹ አንዳንድ ቦታ የእምነት መሐላ ሆነው ነበር። ሥራ የሚያመለክት ሰው «ለብዝኃነት ያለኝ ቁርጠኝነት» የሚል ጽሑፍ እንዲያስገባ ይጠየቅ ነበር። ቋንቋውን የሚያውቅ አሳምሮ ይጽፈዋል፤ ቋንቋውንም የሚያውቀው በአብዛኛው ከጥሩ ትምህርት ቤት የመጣው ነው። ለድሃው ልጅ የታሰበው ፎርም ለሀብታሙ ልጅ ነጥብ ሆነለት። አገር ቤትም ይህን ዓይነት ነገር እናውቃለን። ለሴቶችና ለታዳጊ ክልሎች ተማሪዎች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ይል ነበር፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 35 ለሴቶች እንዲህ ያለውን የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። ግቢ ከገቡ በኋላ ግን ብዙዎቹ ከ«በአፈርማቲቭ ነው የገባችው» ሐሜት ጋር ብቻቸውን ይተዋሉ። በሩ ተከፈተ፣ ጓዳው እንደነበረ ነው።

እኛ ሐበሾችስ የት ነን? ሶሲዮሎጂስቱ ዳግላስ ማሲና ባልደረቦቹ በ2007 ያወጡት ጥናት አለ። በ1999 ወደ 28 ተመራጭ ኮሌጆች ከገቡት ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። በዕድሜ እኩዮቻቸው በሆኑት የአገሪቱ ጥቁሮች መካከል ግን የስደተኛ ድርሻ 13 በመቶ ግድም ነበር። አይቪ ሊግ በሚባሉት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የስደተኞቹ ድርሻ 41 በመቶ ይደርስ ነበር። እንግዲህ አንድ ዲፓርትመንት «ሦስት ጥቁር ተማሪ ተቀበልን» ብሎ ሲኮራ፣ አንዷ ከአዲስ አበባ፣ አንዱ ከሌጎስ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሲሲፒውን ልጅ ዕዳ አይከፍልም። ዲፓርትመንቱ ግን ሣጥኑ ስለሞላ ከፍያለሁ ይላል።

በእኛም በኩል ቅር የሚለኝ አለ። «እኛ እንኳ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን» የሚለው ወሬ በየቡና ጠረጴዛው አለ። ፎርም ሲሞላ ጥቁር፣ ቡና ሲፈላ ሌላ። ይህች አገር ለአፍሪካውያን በሯን ከፈት ያደረገችው በ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ ያንን ሕግ ያመጣው ደግሞ ጥቁር አሜሪካውያን ደማቸውን ያፈሰሱበት የሲቪል መብት ዘመን ነው። ዲቪስ? «ዲ» ማለት እኮ ዳይቨርሲቲ ነው። ስንት ሰው በዚች ፊደል መጥቶ ነው ዛሬ «ይሄ ዳይቨርሲቲ የሚሉት ነገር ቢቀር ይሻላል» የሚለው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። በሁለተኛ ዓመቷ ከአንድ ጥቁር አሜሪካዊና ከአንዲት ቬትናማዊት ጋር ሆነው አንድ ሰነድ ጻፉ። አራት ገጽ ነው። ርዕሱ እንኳ የለውም። የሰመር ገንዘብ መቼ እንደሚጠየቅ፣ የጤና ኢንሹራንሱ ዓይን እንደማይሸፍን፣ የትኛው ፕሮፌሰር ኢሜይል እንደማይመልስና ቢሮው ሄዶ ማንኳኳት እንደሚሻል፣ አማካሪ መቀየር እንደሚቻልና እንዴት እንደሚቀየር። የድጋፍ ደብዳቤ ለመጠየቅ ስንት ሳምንት በፊት መናገር እንደሚገባ። የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ አንብባው ሁለት የተሳሳቱ ቀኖች አርማላቸዋለች። ለአዲስ ገቢ ሁሉ ይሰጣል፤ ለነጩም ለጥቁሩም። ከኬንታኪ የገጠር ከተማ የመጣ አንድ ነጭ ልጅ ሰነዱን ይዞ እስከ ጓደኛዬ ቢሮ መጥቶ አመስግኗታል። ቤተሰቡ ውስጥ ኮሌጅ የገባ የመጀመሪያው እሱ ነው።

የዲፓርትመንቱ መግለጫ ባለፈው ዓመት ወርዷል። ማን እንዳወረደው የነገራቸው የለም፣ ኮሚቴውም ከዚያ በኋላ አልተሰበሰበም። አራቱ ገጽ ግን ዘንድሮ አምስት ሆኗል። ሴሚናሩም ከዓርብ ወደ ሐሙስ ተዛውሮላታል፤ አንድ መምህር የልጁን እግር ኳስ ልምምድ ማየት ስለፈለገ።